እህቴ የምትጎትተው ቃሬዛ

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ከማንም ምክር አይቀበልም። እኔም አልተቀበልኩም፤ ያመጣብኝን ደግሞ ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በረዶ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚጋገር፣ የት የት አገር እንደሚወርድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ስንቱን ተማሪ አሳምኛለሁ፤ በዓይኔ ግን ክረምት ላይ ቆርቆሮ ከሚደበድበው በቀር አይቼ አላውቅም ነበር። ከአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ካለችው ኮሎምበስ ስመለስ የድሮ ባልደረቦቼ ሻይ ቤት ከብበው «እስቲ ንገረን» አሉኝ። አንዱን ሳወራ ሌላው እየጠፋብኝ ስለተቸገርኩ በየቀኑ የሆነውን በተርታ ጻፍኩት። ኦሃዮን የማየት ዕድል የሌለው አንባቢ፣ እኔ እንደወደቅኩት ሳይወድቅ ያያታል።

የሄድኩት ተልኬ ነው። ታናሽ እህቴ የሺ ኮሎምበስ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። ግሮቭ ሲቲ በሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ የራሷ ቤት አላት፤ ሶስና የምትባል ልጅ ታሳድጋለች። አምና አንድ ፎቶግራፍ በስልክ ላከችልን። የሺ ነጭ ቁልቁለት ላይ ቆማ፣ እግሯ ላይ ረጃጅም ጣውላ የመሰሉ ነገሮች ታስረው፣ ከኋላዋ ቃሬዛ ትጎትታለች። ቃሬዛው ላይ ከእግር እስከ ራሱ የተጠቀለለ ሰው ተኝቷል። እናታችን ፎቶውን አየችና «ልጄ አሜሪካ ድረስ ሄዳ ሬሳ ትጎትታለች» ብላ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

ሬሳ እንዳልሆነ፣ በበረዶ ሸርተቴ ሲጫወት የተጎዳ ሰው እንደሆነ አስረዳናት። የሺ «ስኪ ፓትሮል» ለመሆን እየሠለጠነች ነው፤ ሥራው ቁልቁለቱን መጠበቅና የወደቀውን አክሞ ማውረድ ነው፤ የምትሠራውም በበጎ ፈቃድ ነው አልናት። ይባስ ብላ «ደግሞ በነጻ?» አለች። እናታችን የወጌሻ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ከገደል የወደቀ ሰው ሲመጣ እያየች ስላደገች ቁልቁለት አትወድም። ቪዛዬ እንደመጣ እጄን ይዛ «ጌታሁን፣ ታላቋ አንተ ነህ። ይቅርብሽ በላት። ቃሏን ሳትቀበል እንዳትመለስ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ለየሺ ስጦታ ይሆን ዘንድ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም የመንዝ ባና ሰጠችኝ፤ የሻንጣዬን ግማሽ ያዘ።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ዕለት ተነሣሁ። ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላን ስለውጥ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ባናውን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «ይህ እንስሳ ነው?» አለኝ። «ነበር» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮሎምበስ ገባሁ። የሺ ከሶስና ጋር አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። በክንዷ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ልበስ። ውጪው ፍሪዚንግ ነው።»

«እኔ እኮ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ» አልኳት።

«እኔስ የት ተወልጄ ነው?» አለችና ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው። ካፖርቱን ተቀበልኩ፤ የበረዶ ቦት ጫማ እንግዛልህ ስትለኝ ግን እምቢ አልኩ። ለጉዞው ብዬ ያስጠረግኩት የቆዳ ጫማ እንደ መስታወት ያበራል፤ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ስንት ዓመት ረግጬበታለሁ።

መንገድ ላይ በመኪናው መስኮት ተራራ ፈለግኩ። አገሩ ጠረጴዛ ነው። የኛ ሰው የትም ቢሄድ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አንድ ጋራ አያጣም፤ እዚህ ግን ዓይን ሄዶ ሄዶ የሚያገኘው ሌላ መንገድና ሌላ ሕንፃ ነው። ውስጤን ደስ አለው። እዚህ ሜዳ ላይ ከየት ወድቃ ትጎዳለች፣ እናቴ በከንቱ ነው የተጨነቀችው አልኩ።

ቤቷ ስገባ ግን ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ ገባኝ። ሳሎኑ ውስጥ የእግርና የእጅ ማሰሪያ ጣውላዎች፣ ጥቅልል ፋሻዎች፣ የአንገት መደገፊያ ሳይቀር ተደርድሯል። ፍሪጁ ላይ በእጇ የጻፈቻቸው ካርዶች ተለጥፈዋል። እራት ከበላን በኋላ ሶስናን ሶፋ ላይ አስተኝታ እግሯን ታስር ጀመር።

«ማሚ፣ ኢናፍ። አይ ሃቭ ሆምወርክ» አለች ልጅቷ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺልኝ።»

ነገሩ የጀመረው በሶስና እግር ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤቷ ጋር ሸርተቴ ልትጫወት ሄዳ እግሯ ተሰበረ። «ሥራ ላይ ሆኜ ኮል አደረጉኝ» አለችኝ የሺ። «እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ስደርስ አንድ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ አጠገቧ ተንበርክኮ ቀልድ ያወራላታል። ጋሼ፣ እግሯ ተሰብሮ እየሳቀች ነበር።» የሺ በሳምንቱ ዶሮ ወጥ ሠርታ ሽማግሌውን ልታመሰግን ሄደች። ዴል ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ነው። በበርበሬው እንባውን እያፈሰሰ ጨርሶ በላና «እንዳንቺ ያለ ሰው ያስፈልገናል» አላት። እሷ ያኔ ሸርተቴ ረግጣ አታውቅም። ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ሆና ጀመረች፤ እነሱ ቀድመዋት ተመረቁ።

ሁለት መጸው ሙሉ ከሥራ ስትወጣ ክፍል ገብታ ተምራለች። የተዘጋ ትንፋሽ መክፈት፣ ደም ማቆም፣ አንገቱ የተጎዳን ሰው ሳያንቀሳቅሱ ማንሣት፣ ሰውን ወደ ቁልቁለቱ አናት የሚያወጣው የገመድ ወንበር ሲቆም ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረን ሰው ማውረድ፤ ይህን ሁሉ አልፋለች። የቀራት ሰው አክማ በቃሬዛ የምታወርድበት የመጨረሻው ፈተና ነው። አምና ቃሬዛው አምልጧት ወደቀች። ዘንድሮ ፈተናው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

«ዘንድሮ ካላለፍኩ ይበቃኛል» አለችኝ ፋሻውን እየጠቀለለች። «ጉልበቴ እየደከመ ነው። ዴልም የመጨረሻ ዓመቱ ነው። እሱ እያለ ጃኬቱን ብለብስ ደስ ይለኝ ነበር።»

የእናቴን መልእክት ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ሻይ ቀዳችልኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩና ጠጣሁ።

ማክሰኞ የሺ ሥራ ውላ፣ እኔ በእንቅልፍ ውዬ አለፈ። የጻፍኩት ነገር የለም።

ረቡዕ ቀን ግን ብዙ አለበት። የሺ ከሥራ በጊዜ ወጥታ ኢስተን ወደሚባለው የገበያ ቦታ ወሰደችኝ። ጫማ ልትገዛልኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ላለመግዛት ነው የሄድኩት። ሱቅ ለሱቅ ስንጨቃጨቅ ቆይተን እኔ አሸንፌ ወጣሁ። እሷ መኪናዋን ልታመጣ ቀድማ ሄደች። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ባሸናፊነት፣ የመኪና ማቆሚያውን አቋርጬ ስሄድ አስፋልቱ ከሥሬ ጠፋ። እዚያ አገር የማይታይ በረዶ አለ። መስታወት ይመስላል፤ ጥቁሩን አስፋልት ከሥሩ እያሳየ ያታልላል። ስንት ዓይነት በረዶ ሳስተምር ይህን አላስተማርኩም። ቀኝ እጄን መሬት ላይ ተክዬ ወደቅኩ።

ከረጢት የተሸከመች አንዲት የማላውቃት ሴት ዕቃዋን ሁሉ መሬት ላይ ጥላ ደግፋ አነሣችኝ። በረዶውን ከካፖርቴ አራገፈችልኝ። «ደህና ነህ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት በእንግሊዝኛ። የእጄ አንጓ እሳት ሆኗል። እሷ አላመነችኝም መሰለኝ፣ የሺ መኪናዋን ይዛ እስክትመጣ አጠገቤ ቆመች።

«ምነው ጋሼ? ማናት?» አለችኝ የሺ።

«አገርህ የት ነው ብላ ስትጫወተኝ ነው» አልኳት።

አንባቢ ለምን ዋሸህ ይለኛል። አንደኛ፣ ስለ ጫማው አፌን ሞልቼ ተከራክሬ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ፈተና ያለባትን ሰው ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ማዞር አልፈለግኩም። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። አደገኛ ነው፣ ተይው ልላት የመጣሁት እኔ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወደቅኩ ብዬ እንዴት ልንገራት? ማታ የጾም ሽሮዋን በቀኝ እጄ ጥርሴን ነክሼ ትንሽ ትንሽ በላሁ። አልጣፈጠውም ብላ አዘነች።

ሐሙስ የሺ ኦፍ ነበረች። ለመጨረሻ ልምምድ ወደ ቁልቁለቱ ይዛኝ ሄደች። ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ከምናምን ነድተን «ይኸው ማውንቴኑ» አለችኝ።

«የቱ?» አልኳት። የእውነት አልታየኝም። ከቤታችን ጓሮ ያለው ጉብታ ይበልጠዋል። ይባስ ብሎ ቁልቁለቱ ዳር የተተከሉ ትልልቅ ማራገቢያዎች በረዶ ይተፋሉ። እዚያ አገር ሰማዩ ካልሰጣቸው ራሳቸው ይሠሩታል። ተማሪዎቼን ይቅርታ መጠየቅ አማረኝ።

የፓትሮሎቹ ማረፊያ አንዲት የእንጨት ቤት ናት፤ ምድጃ፣ ሁለት አልጋ፣ እርጥብ ካልሲ። ዴልን እዚያ አገኘሁት። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጢሙ ላይ በረዶ የቀረበት ሽማግሌ ነው። የሺ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ «ጋሼ ዴል» ትለዋለች። ሌሎቹ ይህን የሰሙ ጊዜ የማዕረግ ስም መስሏቸው ሁሉም ጋሼ ይሉታል፤ በሬዲዮ ሳይቀር «ጋሼ፣ ጋሼ፣ ሁለተኛው ወንበር ጋ ና» ሲሉ ሰምቻለሁ። ማረፊያው ውስጥ የሺ «ጋሼ» ባለች ቁጥር እሱም እኔም ዞር እንላለን። የዴል ሚስት ለእንግዳው ብላ የባቄላ ሾርባ በትልቅ ድስት ልካ ነበር። ማንኪያ በግራ እጅ ቢያዝ እዚያ ነውር የለውም፤ ሁለት ሳህን ጠጣሁ።

ከዚያ ልምምዱን በመስኮት አየሁ። ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ቃሬዛው ከፊት ሁለት ረጃጅም እጀታ አለው። የሺ በእጀታዎቹ መካከል ትቆማለች። ሸርተቴዋን በአግድም አድርጋ በጠርዙ በረዶውን እየፋቀች፣ ክብደቱን በወገቧ ይዛ ትወርዳለች። መሐል ላይ ቁልቁለቱ ጠቦ የሚያዘቀዝቅበት ቦታ አለ፤ አንገቱ ይሉታል። አምና የወደቀችው እዚያ ነው። ሐሙስም የአሸዋ ከረጢት የጫነው ቃሬዛ እዚያው ጅራቱን ወርውሮ ቀደማትና ጎትቶ ጣላት። ተነሣች፤ ደገመች፤ ወደቀች። በሦስተኛው አወረደችው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጉልበቷን በአንድ እጇ ታሻለች። አሁን ነው የምነግራት አልኩና ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጋሼ» አለችኝ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ «ልትለኝ የምትፈልገው ነገር ካለ ቅዳሜ፣ ካበቃ በኋላ በለኝ። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ጥርጣሬ ግን ገባኝ።

ዓርብ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ማታ የጾም በያይነቱ ቀረበ። በግራ እጄ እንጀራ አልቆርስ፣ ነውር ነው፤ በቀኝ አልችልም። ስለዚህ ሹካ ጠየቅኩ።

«እንጀራ በሹካ?» አለች የሺ።

«የአገሩን ሥርዓት ልልመድ ብዬ ነው» አልኩ።

ሶስና ሹካዋን ወደ እኔ አቀበለችና «ኢትስ ኦኬ፣ አንክል» አለችኝ። እንጀራውን በግራ እጄ እየወጋሁ በላሁ። የየሺ ዓይን ከሹካው አልተነሣም።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። ፈታኟ ጁዲ የምትባል፣ ከሌላ ቦታ የመጣች ረጅም ሴት ናት። ፊቷን ሳየው ወደድኩት፤ እኔም ፈተና ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያለ ፊት ነበረኝ። ችግሩ በሽተኛ ሆኖ እንዲተኛ የተመደበው ሰው በጉንፋን ቀርቷል። ዴል ማረፊያው ውስጥ ያለነውን አንድ በአንድ አየና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ይህ ሰው ሸርተቴ አያውቅም፤ እኛ የምንሠራውንም አያውቅም» አለ። «ከዚህ የተሻለ በሽተኛ ከየት ይመጣል?»

ጁዲ የየሺ ወንድም መሆኔን ስትሰማ አመነታች። ቆይታ «የገዛ ቤተሰብን ማከም ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ይሁን» አለች። የፈቃድ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ ተጣመመ። የሺ ወረቀቱን አየችው።

በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር አወጡኝና አንገቱ ከሚሉት ቦታ በላይ አስተኙኝ። እጄ ላይ ካርድ ሰጡኝ። «የግራ እግር፣ ከጉልበት በታች ተሰብሯል። ሲነካ ይጮኻል» ይላል። ብቻዬን በረዶው ላይ ተኝቼ ሰማዩን እያየሁ፣ የእናቴን አደራ ይዤ መጥቼ እዚህ መተኛቴ ገረመኝ። እውነቱን ልናገር፣ ብትወድቅ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። ራሷ ይበቃኛል ብላለች፤ እኔ ምንም ሳልናገር ለእናቴ ምሥራች ይዤ እመለሳለሁ። ያም ሆኖ እንድትወድቅ አልፈለግኩም።

የሺ ቃሬዛዋን ይዛ ከላይ መጣችና አጠገቤ ተንበረከከች። ጁዲና ዴል ከጎን ቆመዋል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው።

«ጌታዬ፣ ስሜ የሺ ነው፤ ከስኪ ፓትሮል ነኝ። ልረዳዎት መጥቻለሁ። ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ካርዱን ረስቼው አይደለም። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ አንደበቴ ሳይጠይቀኝ የሚሰጠው መልስ እሱ ነው። ደግሞ ሽበት ያወጣ ሰው በሰው ፊት እንዴት ይጮኻል? የጁዲ እስክሪብቶ ተንቀሳቀሰ።

«የሚያምዎት ቦታ አለ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ እንዴት ነሽ?»

ዴል ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። ጁዲ ግን አልሳቀችም። «በሽተኛው ደህና ነኝ ብሎሻል። ትተሽው ትሄጃለሽ?» አለቻት።

የሺ ጓንቷን አወለቀች። «እኛ አገር ደህና ነኝ ማለት ሰላምታ ነው» አለች። «ገና አልመለሰልኝም። በእጄ ልየው።»

ከራሴ ጀመረች። ራሴን፣ አንገቴን፣ ትከሻዬን፣ የጎድን አጥንቴን በጣቶቿ እየተጫነች ወረደች። ግራ እጄን ጨርሳ ወደ ቀኙ ዞረች። አንጓዬ ላይ ስትደርስ ትንፋሼ ቆመ። ቀስ አድርጋ ጓንቴን ሳበችው። እጄ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ሆኗል፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ አድልቷል።

«ጋሼ» አለችኝ ባማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«ኢስተን?»

«አዎ።»

«ለዚህ ነው በሹካ የበላኸው።»

ተነሣችና ሁለቱን የሸርተቴ ምርኩዞቿን ከራሷ በላይ አመሳቀለቻቸው፤ እርዳታ ያስፈልጋል ማለት ነው። «ፈተናው ይቁም» አለች። «ይህ ሰው የእውነት ተጎድቷል። የእኔ ነገር ይቅር።» አገጯ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ዓመት የለፋችበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትጥለው አየሁ፤ ያውም በእኔ ጫማ ምክንያት። ከብርዱ ይልቅ ያ አመመኝ።

ጁዲ መጥታ ተንበረከከች። ጣቶቼን አንቀሳቀሰች፤ ጥፍሬን ተጭና ደሙ ሲመለስ አየች። «የሚያጣድፍ አይደለም» አለች። «ዴል አጠገብሽ ይሁን፤ እጁን አንቺ እሰሪው።» የሺ ጣውላውን ከክንዴ ሥር አድርጋ፣ ፋሻውን ጠቅልላ፣ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው። ሕመሙ ግማሹ ወዲያው ሄደ። ልታመሰግናት ነው ብዬ ስጠብቅ ጁዲ ካርዱን ከበረዶው ላይ አነሣች።

«ጥሩ» አለች። «እግሩ ግን አሁንም እንደተሰበረ ነው።»

ፈተናው አልቆመም ማለት ነው። የሺ አፍታ ፈዝዛ አየቻትና ወደ ግራ እግሬ ዞረች። እዚህ ላይ እኔም ያጎደልኩትን መካስ ነበረብኝ። እግሬን ስትነካው ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። የገመድ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን፤ አንዲት ሴት «በርታ» የምትል መሰለኝ። የሺ ሳቋን እንደምንም ውጣ እግሬን አሰረችው።

ቃሬዛው ላይ አስተኝተውኝ ሲያበቁ የሺ ከጀርባ ቦርሳዋ ባናውን አወጣች። ለካ ጠዋት ይዛው መጥታለች። ከእግሬ እስከ አገጬ ጠቀለለችኝ። የቤታችን ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው መሰልኩ።

እኛ አገር ቃሬዛ የሰፈር ሥራ ነው። ስምንት ጎረምሳ እየተፈራረቀ፣ ሌላው ከኋላ እየተከተለ ነው ሕመምተኛ ሐኪም ቤት የሚደርሰው። እኔም በወጣትነቴ ስንት ጊዜ ተሸክሜያለሁ፤ ተኝቼበት ግን አላውቅም። እዚህ አንዲት ሴት ብቻዋን እጀታዎቹ መካከል ቆመች። ዴል የቃሬዛውን ጅራት በገመድ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ ጁዲ ግን «እሷ ካልጠየቀችህ እንዳትስበው» ብላዋለች።

አንገቱ ላይ ስንደርስ የቃሬዛው ጅራት መንሸራተት ጀመረ። ወደ ግራ ሲሄድ ታወቀኝ፤ ዛፎቹ ዞሩ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። እናቴ ልክ ናት አልኩ በልቤ። የሺ ሸርተቴዋን በአግድም በረዶው ላይ ተክላ ተደገፈች። የተፋቀው በረዶ ፊቴን መታኝ። ትንፋሿን እሰማለሁ፤ በየትንፋሹ መካከል «ያዝኩህ ጋሼ፣ ያዝኩህ» ትላለች። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዋ አየዋለሁ። ዴልን አልጠራችውም። ጅራቱ ቀስ እያለ ተመለሰና ቃሬዛው ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነው።

ታች ስንደርስ ጁዲ ጎንበስ ብላ «በሽተኛው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«እጄን በጣም ያመኛል» አልኳት። «እግሬ ግን ድኗል።»

ያን ጊዜ ጁዲ ሳቀች። ወረቀቷን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመችና ለየሺ ሰጠቻት። የሺ አንብባ አልጨረሰችም፤ እንባዋ ቀደማት። ዴል ማረፊያው ውስጥ ገብቶ ቀይ ጃኬት ይዞ ወጣ። እጅጌው ረዝሞባት ጣቶቿ ጠፉ። ዴል እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፈላት። እኔ በባና ተጠቅልዬ፣ ታስሬ ስለተኛሁ ዓይኔን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ ተናዘዝኩ። «እማዬ ልካኝ ነው። አስተዋት ብላኛለች» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች የሺ። «አንተ ሳትነሣ ኮል አድርጋልኝ ‹ወንድምሽን ልኬብሻለሁ› ብላኛለች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ ስለ እጅህ ምነው ዝም አልክ?»

ሐኪሙ አጥንቱ በስሱ መሰንጠቁን አየ። የሺ ያሰረችውን አገላብጦ ተመለከተና «ማን ነው ያሰረው? ጥሩ አድርጎታል» ብሎ የፕላስቲክ መደገፊያ ቀየረልኝ።

የቀሩት ቀኖች የታማሚ ቀኖች ናቸው። ዴል ሁለት ጊዜ ሾርባ ይዞ መጣ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ ልል ስል የሺ ከጎኔ ታየኛለች፤ ለሃያ ሰው ያህል እጄን እንዳመመኝ ተናዘዝኩ። ማታ ማታ ሶስና አጠገቤ ትቀመጥና «ኦፕን አፕ፣ አንክል» እያለች ታጎርሰኛለች። በአማርኛ ሁለት ቃል የማትናገር ልጅ፣ ጉርሻዋ ግን የእናቴን ያህላል። ቦት ጫማም ተገዛልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ወደ አገሬ ተነሣሁ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስማኝ ሳትጨርስ «ደህና ነህ ልጄ?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን ልል ጀመርኩና ተውኩት። «እጄን ያመኛል፣ እማዬ» አልኳት።

አስቀመጠችኝና መደገፊያውን ፈታች። በአውራ ጣቷ አጥንቱን እየተከተለች ዳሰሰችው፤ አባቷ እንደሚያደርገው። የወደቅኩበትን፣ የደበቅኩበትን፣ በቃሬዛ የወረድኩበትን ሁሉ ነገርኳት።

«መጀመሪያ ያሰረችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ደህና አስራዋለች» አለች። ቀጥላ «ቁልቁለቱ ላይ ፈርተህ ነበር?» አለችኝ።

«ፈርቼ ነበር።»

«እሷስ?»

«እሷም ፈርታ ነበር። ግን አልለቀቀችኝም።»

መደገፊያውን መልሳ አሰረችልኝ። ቃሏን ተቀበልክ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ «ባናዬንስ ወደደችው?» አለችኝ።

«ቤቷ አላደረገችውም። ፓትሮሎቹ ማረፊያ ቤት ሰቅላዋለች፤ በረዶ ላይ የወደቀ ሰው ሲያመጡ የሚያለብሱት እሱን ነው።»

እናቴ ወደ ውጪ አየት አደረገችና «አንድ ባና ለዚያ ሁሉ ሰው ይበቃል?» አለችኝ።